«ሳውንዱ ዴፈኒንግ ነበር!» – ቃሉ ግን ቀልድ አይደለም



አንድ እሁድ ጠዋት ኢንቦክሴን ስከፍት ይሄን መልእክት አገኘሁ።

«ዶክ፣ ትናንት ማታ ኮንሰርት ነበርኩ። ከስፒከሩ ፊት ለፊት ነው የቆምነው። ሳውንዱ ዴፈኒንግ ነበር፣ ምን ልበልህ! ችግሩ እስካሁን ጆሮዬ ጭው እያለ ነው። ሰው ሲያወራኝ ከውሃ ስር ሆኖ የሚያወራ ይመስለኛል። ይተወኛል አይደል?»

ልጁ «ዴፈኒንግ» ያለው ለማድነቅ ነው። ድምጹ አሪፍ ነበር፣ ደረት ውስጥ ይገባ ነበር ለማለት። ከዚያ በታች የጻፈው ግን የቃሉ ትክክለኛ ፍቺ ነው። ሳያውቀው ቃሉንም ትርጉሙንም በአንድ መልእክት ላከልኝ። ዛሬ ስለዚህ ቃል እናውራ። እንግሊዝኛ ላስተምራችሁ አይደለም፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም እንደ ቀልድ የምንናገረው ነገር ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው የማየው እውነት ስለሆነ ነው።

ቃሉ ምን ማለት ነው?

«ዴፍ» በእንግሊዝኛ መስማት የተሳነው ማለት ነው። «ዴፈን» ግሱ ነው፦ መስማት እንዲሳን ማድረግ። «ዴፈኒንግ» ደግሞ ይሄን የሚያደርገው ነገር። በቀጥታ ስንፈታው «ጆሮ የሚያደነቁር» ነው።

«ላውድ» ማለት ዝም ብሎ ከፍ ያለ ድምጽ ነው። «ዴፈኒንግ» የሚባለው ከዚያ አልፎ ሌላ ምንም ነገር መስማት እስኪያቅት ድረስ ሲሆን ነው። አናታችን ላይ ለሚያጓራ ነጎድጓድ፣ ለፍንዳታ፣ ጎል ሲገባ ለሚነሳው የስታዲየም ጩኸት፣ ለማያባራ ጭብጨባ ይውላል። ቃሉ ራሱ የመጨረሻው ጥግ ስለሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ «ቬሪ ዴፈኒንግ» አይሉም፤ ማጠንከር ከፈለጉ «አብሶሉትሊ ዴፈኒንግ» ይላሉ።

የኛስ ቋንቋ? ጎረቤት ሙዚቃ ሲለቅ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ስፒከሩ ከጀርባችን ሲጮህ፣ ልጆች ሳሎን ውስጥ ሲንጫጩ ምን እንላለን? «ኧረ አደነቆራችሁኝ!» ልክ እንደ እንግሊዝኛው። የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች ከፍተኛ ድምጽን ጆሮ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ሰይመውታል። የድምጽ መለኪያ መሣሪያ ከመፈጠሩ በፊት ሰው ነገሩን ያውቀው ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ከዚሁ «ደነቆረ» ከሚለው ቃል ስድብም ሠርተናል፤ አለማወቅን «ድንቁርና»፣ ያልገባውን ሰው «ደንቆሮ» እንላለን። መስማት የተሳናቸው ሰዎች በምልክት ቋንቋ ይማራሉ፣ ያስተምራሉ፣ ቤተሰብ ይመራሉ። የጆሮ ጉዳት የአእምሮ ጉዳት አይደለም። ቃሉን ለድምጹ እንጂ ለሰው አንጠቀምበት።

«ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎኛል»

እንግሊዝኛ ውስጥ «መስማት የተሳነውን ጆሮ ማዞር» የሚል አባባል አለ፤ እያወቁ አለመስማት፣ ችላ ማለት ነው። የኛ «ጆሮ ዳባ ልበስ» ማለት ነው። አንዲት እናት ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ክሊኒክ የመጡት በዚሁ ክስ ነበር። (ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።)

ሰውየው ወደ 50 የሚጠጉ ናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃና ሳጥን ሲሠሩ 20 ዓመት አልፏቸዋል። ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ድምጹን አይረሳውም፤ በየአቅጣጫው መዶሻ ብረት ላይ ያርፋል፣ አጠገብህ ያለ ሰው ካልጮኸ አይሰማህም።

ሚስትየው ቁጭ ከማለታቸው «ዶክተር፣ የኔ ልጅ፣ እሱ ጆሮው ደህና ነው» አሉኝ። «ሲፈልግ ይሰማል። ጓደኞቹ ሲመጡ ሲያወራ ያመሻል። እኔና ልጁ ስናናግረው ነው ጆሮ ዳባ ልበስ የሚለው። ታክቶኛል።»

ሰውየው መሬት መሬት እያዩ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አልኳቸው ጠጋ ብዬ። «ድምጹ ይሰማኛል» አሉ። «ቃሉ ነው የማይለይልኝ። ደጋግሜ ምን አልሽ ስላት ትቆጣለች። አሁን አሁን ዝም እላለሁ።»

ጆሯቸውን ሳይ የጆሮ ታምቡራቸው ደህና ነው፣ ኩክም የለም። ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ጋ ልኬአቸው የመስማት ምርመራ ተደረገላቸው። ውጤቱ በሁለቱም ጆሮ ቀጭን ድምጽ የሚሰማበት ክፍል ክፉኛ ወርዷል፣ በተለይ 4,000 ኸርዝ አካባቢ። ወፍራሙን ድምጽ የሚሰማው ክፍል ግን ብዙም አልተነካም።

ይሄ በጩኸት የሚመጣ የመስማት ጉዳት የተለመደ አሻራ ነው። የሴትና የልጅ ድምጽ ቀጠን ይላል። የጓደኞቻቸው ወፍራም ድምጽ ይሰማቸዋል፤ የሚስትና የልጃቸው ይጠፋቸዋል። በዚያ ላይ መጀመሪያ የሚጠፉት እንደ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ» ያሉ ቀጫጭን ድምጾች ናቸው። «ሰጠ» እና «ሸጠ» አንድ ሲሆኑባችሁ አስቡት። «በሬውን ሰጠው» ይሁን «ሸጠው» ከፊት አይታችሁ ካልገመታችሁ አታውቁም። እሳቸው ለዓመታት ሲገምቱ ነው የኖሩት።

ይሄን ሳስረዳቸው ሚስትየው ለተወሰነ ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው ጮክ ብለው «ታዲያ ለምን አትነግረኝም?» አሉ። እሳቸው መለሱ፦ «አንቺ የምታውቂ መስሎኝ።»

ነገሩ አዲስ አይደለም

በስኮትላንዷ ግላስጎው ከተማ ቶማስ ባር የሚባል የጆሮ ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 የእንፋሎት ቦይለር የሚሠሩ 100 ሠራተኞችን ጆሮ መረመረ። አንዱ ሠራተኛ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ሚስማሩን ይይዛል፣ ሌሎቹ ከውጭ በመዶሻ ይመታሉ። ባር ከመቶው ሰው ጤናማ የመስማት ችሎታ ያለው አንድም አላገኘም። በሽታው በሥራቸው ስም «የቦይለር ሠሪዎች ጆሮ» ተብሎ ይጠራ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል። መዶሻው ዛሬም አለ፤ ግራይንደሩ፣ ጄኔሬተሩ፣ ወፍጮ ቤቱና የጭፈራ ቤቱ ስፒከር ተጨምረውበታል። አዲሱ ነገር ብዙዎቻችን ጩኸቱን በኪሳችን ይዘን መዞራችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉ ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት ከፍ ባለ ድምጽ በማዳመጥ ምክንያት ጆሯቸው አደጋ ላይ ነው ይላል።

ጆሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

ድምጽ ታምቡሩን ይመታል፣ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች ይቀባበሉትና ኮክሊያ ወደሚባለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ወደተጠቀለለው ክፍል ያስገቡታል። እዚያ ውስጥ ስንወለድ በእያንዳንዱ ጆሮ ወደ 15,000 ገደማ የሚሆኑ ጸጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። ድምጽ ሲመጣ ጫፋቸው ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜው ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ተቀይሮ ወደ አንጎል ይሄዳል።

የጤፍ ማሳ አስቡ። ቀላል ንፋስ ሲነፍስ ጤፉ ጎንበስ ብሎ ይነሳል። ከበድ ያለ ንፋስ ከሆነ ይተኛና ቆይቶ ቀና ሊል ይችላል። ማዕበል ሲሆን ግን ይጋሽባል፤ እንደተኛ ይቀራል። የጆሮ ሴሎችም እንደዚያው ናቸው። ከኮንሰርት በኋላ ጆሮ ጭው ሲል ማሳው ተኝቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይነሳል። በተደጋጋሚ ከተመታ ሴሎቹ ይሞታሉ።

የሞተ የጆሮ ሴል ደግሞ አይተካም። ወፎች ይተካሉ፤ ሰው አይተካም። የሚመልስ ክኒን የለም፣ ጠብታም የለም። ለዚህ ነው ይሄን ርዕስ ከምር የምወስደው።

ስንት ሲሆን ነው «ዴፈኒንግ» የሚሆነው?

ድምጽ የሚለካው በዴሲቤል ነው። ስሙ የመጣው ስልክን በመፈልሰፍ ከሚታወቀው ከአሌክሳንደር ግርሃም ቤል ነው። ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር፤ ሚስቱ በልጅነቷ በሕመም ምክንያት መስማት የተሳናት ነበረች፣ እናቱም መስማት ይከብዳት ነበር።

የዴሲቤል ቁጥር ያታልላል። 3 ብቻ ሲጨምር ጆሮ ላይ የሚያርፈው የድምጽ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። 10 ሲጨምር 10 እጥፍ ነው። ለማነጻጸር፦ ተራ ጨዋታ 60 ገደማ ነው፤ ብዙ መኪና ያለበት መንገድ 80 ገደማ፤ ኮንሰርትና ጭፈራ ቤት 100ም ከዚያ በላይም ይደርሳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤልን በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ማዳመጥ ይቻላል ይላል። ከዚያ በኋላ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፦

• 80 ዴሲቤል – በሳምንት 40 ሰዓት
• 83 ዴሲቤል – 20 ሰዓት
• 86 ዴሲቤል – 10 ሰዓት
• 89 ዴሲቤል – 5 ሰዓት
• 92 ዴሲቤል – 2 ሰዓት ተኩል
• 95 ዴሲቤል – 1 ሰዓት ከሩብ
• 98 ዴሲቤል – 37 ደቂቃ ገደማ
• 101 ዴሲቤል – 19 ደቂቃ ገደማ

አሁን ኢንቦክስ የላከልኝን ልጅ እናስላ። ስፒከሩ አጠገብ 101 ዴሲቤል ነበር እንበል፣ 3 ሰዓት ቆሟል እንበል። ከዘጠኝ ሳምንት በላይ የሚሆነውን የጆሮ በጀት በአንድ ምሽት ጨርሶታል።

ርችት፣ ተኩስና ፍንዳታ ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ጆሮ አጠገብ ከሆኑ ከ140 ዴሲቤል ሊያልፉ ይችላሉ፤ እዚያ ላይ የሰዓት ሂሳብ የለም፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። ለበዓል ርችት የምትተኩሱ ልጆች፣ እባካችሁ ሰው ጆሮ ስር አይሁን።

«ዴፈኒንግ ሳይለንስ»

እንግሊዝኛ ይሄን ቃል ለዝምታም ይጠቀምበታል። «ዴፈኒንግ ሳይለንስ» ሲሉ ከጩኸት በላይ የሚሰማ ዝምታ ማለታቸው ነው። መናገር የነበረበት ሰው ዝም ሲል ሁሉም ልብ ይለዋል፤ እሱን ለመግለጽ ነው። በዜናም በፖለቲካም ይዘወተራል።

ለአንዳንድ ታካሚዎቼ ግን ይሄ ዘይቤ አይደለም። የጆሮ ሴሎች ሲጎዱ አንጎል የጠፋበትን ድምጽ ራሱ እየፈጠረ ይሞላዋል ተብሎ ይታሰባል። ውጤቱ ቲኒተስ የምንለው ነው፦ ፉጨት፣ ጭው፣ እንደ ፌንጣ ድምጽ የማያቋርጥ ነገር። ቀን ላይ የከተማው ጫጫታ ይሸፍነዋል። ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ይነሳል። የምናለሽ ተራው ሰውዬ ሬዲዮ ከፍተው እንደሚተኙ የነገሩኝ ለዚህ ነው። «ጸጥታው ነው የሚጮህብኝ» አሉ። ሚስታቸው ይሄንንም የሰሙት ያን ቀን ነው።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ተማሪ እያለሁ የዶርም ጫጫታ እንዳይረብሸኝ ኢርፎን ሰክቼ፣ ድምጹን እስከ ጫፍ ከፍቼ ነበር የማጠናው። የጆሮ ሴል አይተካም የሚለውንም ያነበብኩት በዚያ ሁኔታ ነው! ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ስሆን እስከዛሬ ቀኝ ጆሮዬ ላይ ቀጭን ፉጨት አለ። ትንሽ ናት፣ ግን አትሄድም።

ምን እናድርግ?

ለማስታወስ የሚመች ነገር ልስጣችሁ። «ዴፈን» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ከኛ «ደፈነ» ጋር ዝምድና የለውም፤ በአጋጣሚ ነው የተመሳሰሉት። ግን ይጠቅመናል፦ ድምጹ ዴፈኒንግ ከሆነ፣ ጆሮን ድፈን!

1. የአንድ ክንድ ፈተና። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለጋችሁ ድምጹ ጆሮ ይጎዳል። ውጡ፣ ራቁ፣ ወይም ድፈኑ።

2. ከስፒከር ራቁ። ገላጣ ቦታ ላይ ርቀታችሁን እጥፍ ስታደርጉ ድምጹ በ6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። በላይ ባለው ሂሳብ ሰዓታችሁን በአራት አባዛችሁ ማለት ነው። ሰርግ ላይ ሕፃን ይዛችሁ ስፒከር ስር አትቀመጡ። የሕፃን ጆሮ ከኛ ያነሰ ነው የሚችለው።

3. ኢርፎን። ድምጹን ከ60 በመቶ በታች አድርጉ። ስልካችሁ «ይሄ ድምጽ ጆሮ ይጎዳል» ብሎ ሲያስጠነቅቃችሁ «እሺ» ብላችሁ አትለፉት። ታክሲ ውስጥ የሹፌሩን ሙዚቃ ለማሸነፍ ብላችሁ የራሳችሁን አትጨምሩ፤ ያን ጊዜ ጆሯችሁ በሁለት በኩል ነው የሚመታው።

4. ትክክለኛ የጆሮ መሰኪያ። ጥጥና ሶፍት ብዙም አይከላከሉም። ለስላሳው የስፖንጅ መሰኪያ የሥራ ደህንነት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። በጣት አጥብቃችሁ ጠቅልሉት፣ በሌላው እጃችሁ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ አስገቡትና እስኪሰፋ ወደ 30 ሰከንድ ያህል ያዙት። በመዶሻ፣ በግራይንደር፣ በወፍጮ፣ በጄኔሬተር አጠገብ የምትሠሩ ይሄ እንደ መነጽርና እንደ ጓንት የግድ ነው። ሠራተኛ ያላችሁ ደግሞ ግዙላቸው።

5. ጆሮን አሳርፉ። ጭፈራ ቤት ከሆናችሁ በየሰዓቱ ወጣ ብላችሁ ንፋስ ውሰዱ። በማግስቱ ጆሯችሁን ጸጥታ ስጡት።

6. ጆሮ ውስጥ ምንም አትጨምሩ። ጭው ሲል ዘይት ማንጠብጠብ፣ ኮተን መክተት፣ በእስክሪብቶ ክዳን መጎርጎር፣ የጎረቤት ጠብታ መዋስ አይጠቅምም። የተጎዳው ቦታ ውስጥ ነው፣ አይደርሱበትም። ታምቡር ግን ሊበሱ ይችላሉ።

ሳትውሉ ሳታድሩ የምትመጡበት

• አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ፣ ወይም ጠዋት ስትነሱ ከጠፋ። ይሄ ድንገተኛ ሕመም ነው። «ጉንፋን ነው፣ ይተወኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። መድኃኒቱ የሚሠራው በቶሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጀመር ነው።
• ከፍንዳታ ወይም ከርችት በኋላ ጆሮ ከደማ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም ካዞራችሁ።
• ጩኸት ከሰማችሁ በኋላ ጭው ማለቱ ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ።

ሌላው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው፦ ቴሌቪዥን ላይ ድምጽ ጨምሩ የምትሉ እናንተ ብቻ ከሆናችሁ፣ ስልክ በአንድ ጆሮ ብቻ የምታወሩ ከሆነ፣ «ምን አልክ?» ካበዛችሁ የመስማት ምርመራ አድርጉ። አያምም፣ መርፌ የለውም።

ልጁስ?

ማክሰኞ መልሶ ጻፈልኝ። «ዶክ፣ ለቆኛል! ምንም አልሆንኩም ማለት ነው አይደል?»

እድለኛ ነህ አልኩት። ግን እውነቱንም ነገርኩት። በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች መስማት ከተመለሰ በኋላም ሴሎቹን ከአንጎል ጋር የሚያገናኙት የነርቭ ጫፎች ከፊሉ ጠፍተው ሊቀሩ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ስለዚህ ጭው ማለቱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሁልጊዜ አይደጋገምም። «ሂድ፣ ጨፍር፣ ግን መሰኪያ ይዘህ፣ ከስፒከሩ ራቅ ብለህ» አልኩት። ሳቅ ላከልኝ። ገዝቶ እንደሆነ አላውቅም።

ጋሼ ግን ገዝተዋል። ለክትትል ሲመጡ መከላከያውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። የጠፋው አይመለስም፤ የመስሚያ መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፣ ዋጋው ከበድ ስለሚል እያጠራቀሙ ነው። ሚስትየው ግን ሳይከፍሉ አንድ ነገር ቀይረዋል። ከኩሽና ሆነው አይጠሩም። መጥተው፣ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው፣ ቀስ ብለው ያወራሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ እየተጣላን የነበረው ከመዶሻው ጋር ነው» አሉኝ።

እናንተም ቤት «አይሰማኝም፣ ችላ ይለኛል» የምትሉት ሰው ካለ ከመቆጣታችሁ በፊት ጆሮውን አስመርምሩት። ይሄን ጽሑፍ ደግሞ ብረት ለሚቀጠቅጥ፣ ወፍጮ ቤት ለሚሠራ፣ ዲጄ ለሆነ፣ ኢርፎን ከጆሮው ለማይወጣ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ በተራ እመልሳለሁ።

ሰላም ዋሉ። ድምጹንም ትንሽ ቀንሱት።